ንጉሡ ሠ እና የእኅቴ ልጅ

ሰው ከሚጽፈው ነገር ሁሉ የሚከብደው የገዛ ስሕተቱን የሚጽፍበት ጊዜ ነው፤ የሌላውን ስሕተት ለመጻፍ ግን ቀለም አያጥርም፥ ብርዕም አይሰንፍም። እኔም ከባዱን ልሞክር ብዬ ተነሣሁ። የምጽፈውም በእኅቴ ልጅ ላይ ስላደረግሁት በደልና ስለ አንዲት ፊደል ነው። የሁለቱ ነገር እንዴት እንደ ተገናኘ አንባቢ ታግሦ ቢከተለኝ በፍጻሜው ያየዋል።

እኔ በሰሜን ወሎ፥ በሐብሩ ወረዳ፥ በግራና የተወለድሁ፥ ዕድሜዬም አምሳ ሰባት የደረሰ ሰው ነኝ። አገራችን ቆላ ነው፤ ማሽላና ጤፍ ይበቅልበታል፤ የቆቦ ግራና ሸለቆ እየተባለ ስለ መስኖ ልማት ስሙ የሚነሣው ይኸው የእኛ አገር ነው። በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፥ አኮፋዳ አንግቼ፥ ከዚህ ቆላ ወደ ደጋው ወደ ዋድላ ወጣሁ። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዱ መሆኑን ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በዚያም ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ተቀኝቼ፥ ግሱንና አገባቡን ጠንቅቄ፥ በመምህሬ ፊት አስመስክሬ ወደ አገሬ ተመለስሁና ጉባኤ ዘረጋሁ።

ከተማሪዎቼ መካከል የእኅቴ ልጅ ነበረ። ስሙን አልጽፍም፤ መጻፉን አልወደደምና። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ጉባኤ ቃናውን ቈጥሮ በነገረ ጊዜ ጐልማሶቹ ተማሪዎች ቀና ብለው ያደምጡት ነበር። በዐሥራ አራት ዓመቱም ሥላሴ ላይ ደረሰ። እኔም ጉባኤዬን የሚረከበኝ ይህ ነው እያልሁ በልቤ እኰራ ነበር። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. እናቱ ወደ መርሳ ልካ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ልታስገባው ፈለገች፤ ልጁም ፈቀደ። ሊሰናበተኝ በመጣ ጊዜ «የኔታ፥ ቅኔውን አልተወውም፤ ሒሳቡንም ላውቀው ወደድሁ እንጂ» አለኝ። እኔም በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት «ወርቁን ጥለህ ሰሙን ልትለቅም ሄድህ» አልሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ተማሪዎቹም ሳቁ። ያ ሳቅ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጁ ከመርሳ ወደ ወልድያ፥ ከወልድያም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ገብቶ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚባለውን ትምህርት ተማረ። በኋላም እያስተማረ ቈይቶ በ2007 ዓ.ም. ለዶክተርነት ትምህርት ወደ ጀርመን አገር ለመሄድ ተነሣና ሊሰናበተኝ ግራና ድረስ መጣ። መምጣቱን በሰማሁ ጊዜ «በጉባኤ ላይ ነኝ፤ ይቈይ» ብዬ ላክሁበት። ጉባኤው ገና በቀትር አልቆ ሳለ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር ተቀምጬ ሆነ ብዬ አመሸሁ። ወደ ቤቴ በተመለስሁ ጊዜ ልጁ ሄዷል። ባለቤቴም «እስኪጨልም ድረስ ጠበቀዎት» ብላ ሌላ ቃል ሳትጨምር እራቴን አቀረበችልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔና እርሱ ሰባት ዓመት ያህል ቃል አልተለዋወጥንም።

የቅኔ መምህሬ ሲያርፉ ያወረሱኝ አንድ የብራና መጽሐፍ ነበረኝ። ግስና አገባብ፥ በኅዳጉም የአገራችን ሊቃውንት በየጊዜው የተቀኟቸው ቅኔዎች የተጻፉበት፥ 96 ቅጠል ያለው መጽሐፍ ነው። ሌላ ግልባጭ አልነበረውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ሰው ሁሉ እህሉንና ዕቃውን እንደ ቀበረ፥ እኔም መጽሐፉን በቆዳ ጠቅልዬ በእህል ጕድጓድ ቀበርሁት። በ2014 ዓ.ም. በታኅሣሥ ቈፍሬ ባወጣሁት ጊዜ ውኃ ገብቶበት፥ ቀለሙ ፈስሶ፥ ቅጠሉም እርስ በርሱ ተጣብቆ አገኘሁት። በዚያ ወራት ብዙ ሰው ልጁን ቀብሮ ነበርና ስለ መጽሐፍ ማልቀስ አሳፈረኝ። ስለዚህ ኀዘኔን ከእኅቴ በቀር ለማንም ሳልነግር ቀረሁ።

መንገዱ እንደ ተከፈተ፥ በዚያው ዓመት በጥር፥ የእኅቴ ልጅ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። ትምህርቱን ፈጽሞ፥ ዶክተር ተብሎ ወደ አገሩ ተመልሶ፥ በአዲስ አበባ ያስተምር ነበር። እኅቴ ቡና አፍልታ ጠራችኝ፤ እኔም ሄድሁ። ልጁ ተነሥቶ እጅ ነሣኝ፤ ፀጕሩ ሽበት ጀምሮታል። ጥቂት ዝም ብለን ከተቀመጥን በኋላ «የኔታ፥ ስለ መጽሐፉ እናቴ ነገረችኝ። መጽሐፉ ግን አልጠፋም» አለኝ። እኔም የሚያጽናናኝ መስሎኝ ዝም አልሁ። እርሱ ግን ከቦርሳው ኮምፒዩተሩን አውጥቶ ከፈተና የመጽሐፌን የመጀመሪያ ቅጠል አሳየኝ፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውንም። የመምህሬ እጅ ጽሕፈት፥ በጠርዙ ያለው የሰም ጠብታ ሳይቀር፥ እንዳለ ተቀምጦ ነበር።

«ይህን መቼ አነሣኸው?» አልሁት። «እርስዎን በጠበቅሁበት ቀን» አለኝ። ለካ በዚያ በ2007 ዓ.ም. እኔ ዐጸድ ሥር ተደብቄ ሳመሽ፥ እርሱ ባለቤቴን አስፈቅዶ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥቶ፥ በመስኮቱ ብርሃን አጠገብ ዘርግቶ፥ ቅጠል በቅጠል በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣ ኖሯል። «ጀርመን አገር ስሄድ የማነበው እንዳላጣ ብዬ ነው» አለኝ። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ቅጠሎች ግን ጨለማ ውጧቸዋል፤ ፀሐይ ጠልቃበት ነበርና ፊደሉ ከብራናው አይለይም። በዚያ ቀን ወደ ቤቴ ገብቼ መብራት ይዤለት ቢሆን ኖሮ ዘጠኙም ቅጠል በተነበበ ነበር። ይህን እርሱ አላለኝም፤ እኔ ግን ወዲያው አሰብሁት።

ከዚህ በኋላ ልጁ «አሁን መኪናው ሲያነብ ይዩ» አለኝ። እኔም ዐይኔን ጠርጌ ተመለከትሁ። በአንድ ወገን የብራናው ፎቶግራፍ፥ በሌላው ወገን መኪናው አነበብሁ ብሎ የጻፈው ተቀምጧል። በግሱ ክፍል ስለ ፀሐይ መውጣት የሚናገረው ስፍራ በብራናው «ሠረቀ ፀሐይ» ይላል። መኪናው ግን በእሳቱ ሰ «ሰረቀ ጸሀይ» ብሎ ጽፏል። አንባቢዎቼ እንደምታውቁት በግእዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲሆን ወጣ፥ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲሆን ግን ሌባ የሚያደርገውን አደረገ ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ መኪና ንባብ ፀሐይ ሌባ ሆነች! ቅጠሉን እያገላበጥሁ ብመለከት ንጉሡ ሠ ከመጽሐፉ ሁሉ ተሰድዷል፤ ፀሐዩ ፀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ፥ ዐይኑ ዐም እንደዚሁ። መሀረ ሲል አስተማረ፥ መሐረ ሲል ይቅር አለ፥ ሠዐለ ሲል ሥዕል ሣለ፥ ሰአለ ሲል ለመነ ማለት መሆኑን ሕፃን የሚያውቀውን ነገር መኪናው አያውቅም። የቀድሞው ቍጣዬ ተመለሰብኝና «ይህን ያህል ዓመት ባሕር ተሻግረህ የተማርኸው ፊደል መግደል ነውን?» አልሁት።

ልጁ አልተቈጣም። «የኔታ፥ ያጠፋው መኪናው አይደለም፤ ያጠፋነው እኛ ነን፤ ያጠፋንበትንም ምክንያት ልንገርዎት» ብሎ እንዲህ ሲል አስረዳኝ።

መኪና ማንበብ የሚማረው እንደ ቆሎ ተማሪ ነው። አንድ መስመር ጽሕፈት ያሳዩታል፤ ይገምታል፤ ትክክለኛውን ንባብ አጠገቡ አስቀምጠው ስሕተቱን ይነግሩታል፤ እርሱም በውስጡ ያለውን ሚዛን ጥቂት አስተካክሎ እንደ ገና ይገምታል። ይህ ብዙ ሺሕ ጊዜ ሲደጋገም ስሕተቱ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የመኪናው ዕውቀት ባሳዩት ምሳሌ ብዛትና ጥራት ልክ ነው። በአማርኛ ግን ምሳሌው ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂቱ በሞክሼ ፊደላት ምክንያት የተበታተነ ነው። ዛሬ ሰው በደብዳቤውና በጋዜጣው ዓለም የሚለውን ቃል በዓ፥ በዐ፥ በአ፥ በኣም ይጽፈዋል፤ ይህ አራት ነው። ፀሐይ የሚለውን በሁለቱ ጸዎችና አንድ ድምፅ በሆኑት ስድስት ሀዎች ቢለዋውጡት ዐሥራ ሁለት መልክ ያወጣል። ለእኛ አንድ የሆነው ቃል ለመኪናው ዐሥራ ሁለት ቃል ይሆንበታል። ስለዚህም በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች አስቀድመው ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ያጠቃልሏቸዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 የታተመ አንድ ጥናትም አማርኛን ወደ እንግሊዝኛ፥ እንግሊዝኛንም ወደ አማርኛ ለሚመልስ መኪና ይህን ማድረግ ትርጕሙን እንደሚያሻሽል አሳይቷል።

«ስለዚህ ልማዱን ከዘመኑ አማርኛ ወስደን ሳናስብ በግእዙ ላይ ጫንነው። ስሕተታችን ይህ ነው» አለኝ። ደግሞም ጨምሮ «ፊደሉ ራሱ ግን በዓለም መዝገብ አልተገደለም» ብሎ አንድ ነገር አሳየኝ። ዩኒኮድ የሚባል፥ የዓለምን ፊደላት ሁሉ እያንዳንዱን በቍጥር የሚመዘግብ ሥርዓት አለ። የእኛ ፊደል በዚህ መዝገብ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱን ቍጥር ስለሚሰጥ፥ በአንዱ መኪና የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። በዚህ መዝገብ ንጉሡ ሠ 4640፥ እሳቱ ሰ ደግሞ 4656 ቍጥር ተሰጥቷቸዋል። በስማቸውና በመልካቸው እንደ ተለያዩ በቍጥራቸውም ተለያይተው ተቀምጠዋል። እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ ልቤ ጥቂት ዐረፈ።

በዚያ ሰሞን እኅቴ ቤት እየተገናኘን ብዙ ተነጋገርን። የእርሱ ሙያ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። በእርግጥ እኔ የኮምፒዩተር ምሁር ማለት በመስተዋት ቤት ተቀምጦ ገንዘብ የሚቈጥር ሰው ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ከእኛው ጉባኤ እጅግ የራቀ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ዋድላን ጨርሶ ወደ ዋሸራ፥ ከዋሸራም ወደ ጎንጅ እንደሚሻገር፥ የእነርሱም ተማሪ መምህር ፍለጋ ከአገር ወደ አገር ይሻገራል። የእኛ ሰው በመምህሩና በጉባኤው ፊት ቅኔውን ነግሮ፥ ተጠይቆ፥ ሲመልስ አስመሰከረ እንደሚባል፥ እነርሱም ብዙ ዓመት የደከሙበትን አንድ መጽሐፍ ጽፈው በመምህራን ሸንጎ ፊት ቆመው ተከራክረው ነው ዶክተር የሚባሉት።

ከእርሱ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱትንም ነገረኝ። ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ አባተ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ መምህር የሆኑ፥ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርስቲ ሲማሩ የአማርኛን ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ መኪና ለመሥራት የደከሙ ሰው ናቸው። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከባልደረቦቻቸው ጋራ ያወጡት የድምፅ መዝገብ መቶ ሰዎች 10,850 ዐረፍተ ነገር ያነበቡበት፥ ሃያ ሰዓት የሚሆን ንባብ ነበር፤ በዓመቱም መጽሐፋቸውን ፈጸሙ። ዶክተር ማርታ ይፍሩም በዚያው በሐምቡርግ በ2010 ትምህርታቸውን ፈጽመዋል፤ የደከሙበትም ነገር የአማርኛ ግስ በርባታው ብዛት መኪናውን እንዳያስጨንቀው ቃሉን በየአካሉ ከፍሎ ማስተማር ነው። ይህን በሰማሁ ጊዜ ሣቅሁ፤ ይህማ እኛ ርባ ግስ የምንለው አይደለምን? ሁለቱም ወደ አገራቸው ተመልሰው እያስተማሩ፥ ከፈረንሳይ አገር ከግረኖብል፥ በኋላም ከጀርመን አገር ከብሬመን ምሁራን ጋራ አብረው ሠርተዋል። በ2020ም ለአማርኛ፥ ለትግርኛ፥ ለኦሮምኛና ለወላይትኛ የንባብ ድምፅ መዝገብ አውጥተዋል። ዶክተር ሚሊዮን መሸሻ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ሄደው፥ በህንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ ሲማሩ፥ የታተመ አማርኛን ከምስሉ ለይቶ የሚያነብ መኪና በማጥናት የታወቁ ናቸው።

ሃያ ሰዓት ንባብ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በ2015 ለእንግሊዝኛ ሊቃውንት ሁሉ በነጻ የቀረበ አንድ መዝገብ ብቻውን አንድ ሺሕ ሰዓት ያህል ንባብ እንደ ነበረው ልጁ ነገረኝ። እንግዲህ የእኛ ምሁራን በዓለም ጉባኤ የሚቀመጡት በሃምሳ እጅ ያነሰ ስንቅ ይዘው ነው። ቍራሽ ለምኖ ቅኔ ለተማረ ሰው ይህ ኑሮ እንግዳ አይሆንበትም።

ደግሞም ከውጭ ሊቅ ጋራ መሥራት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከአምሐራ አገር፥ ከመካነ ሥላሴ የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋራ ተዋወቁ። በ1652ም ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ተጠርተው ሄዱና የአገራችንን ታሪክና ቋንቋ አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፥ በ1698ም ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከአባ ጎርጎርዮስ አንደበት ብዙ ቀድቷል። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በ1658 በመርከብ አደጋ ዐረፉ። በእኛም ዘመን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀምጠው፥ ከ1973 ጀምሮ በፊልም የተነሡትን ከ9,000 የሚበልጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩና ሲመዘግቡ ኖረው በ2021 ዐርፈዋል። ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል የእኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት ይገኙባቸዋል። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺውን ከደጅ የመለሰ ሰው ቢኖር ዛሬ ምን ይል ይሆን? እኔ ይህን የምጠይቀው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በ2007 ዓ.ም. ልጁ አስፈቅዶኝ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን አልከፍትለትም እንደ ነበር ስለማውቅ ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። ልጁ «የኔታ፥ ፊደሉን የሚለይ መኪና እንዲሆን የሚያስተምረው ፊደሉን የሚለይ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሒሳቡን የሚያውቅ ሞልቷል፤ ሠረቀንና ሰረቀን የሚለይ ግን የለም» አለኝ። እኔም እሺ አልሁ። ከዚያ ጀምሮ ፎቶግራፉን መስመር በመስመር ቈርጦ፥ በወረቀት አትሞ ይልክልኛል፤ እኔም ከሥሩ ትክክለኛውን ንባብ እጽፋለሁ። ማታ ማታ ከጉባኤ በኋላ በፋኖስ ብርሃን እሠራለሁ፤ መብራት ሲኖርም በመብራት። ሦስት ወር ሙሉ ደከምሁ፤ ኵራትም ተሰማኝ፤ ያለ እኔ መኪናው ዕውር ነው እል ነበር።

በአራተኛው ወር ልጁ መጣና አንድ መቶ የሚሆኑ መስመሮችን ለይቶ ፊቴ አኖረ። «የኔታ፥ በነዚህ ላይ እርስዎና መኪናው አልተስማማችሁም። እንደ ገና ይዩልኝ» አለኝ። እኔም የመጀመሪያውን አይቼ «በንጉሡ ሠ ነው» አልሁ። እርሱም ፎቶግራፉን በኮምፒዩተሩ አጕልቶ አሳየኝ። ብራናው ላይ ያለው እሳቱ ሰ ነበር። ሁለተኛውንም አየሁ፤ ጸሎቱ ጸ ነው ያልሁት ፀሐዩ ፀ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ እያልን መቶውን ስንፈጽም መኪናው የተሳሳተው በስድሳ ሁለቱ ሲሆን በሠላሳ ስምንቱ የተሳሳትሁ እኔ ነበርሁ። ዐይኔ ደክሞ አይደለም። ግሱን በቃሌ ስለማውቀው ብራናውን ሳላይ መጻፍ የሚገባውን እጽፍ ነበር። መኪናው የጸሓፊውን እጅ ያያል፤ እኔ ግን የራሴን ዕውቀት አይ ነበር።

የገረመኝ ሌላም ነገር አለ። ለካ ሠንና ሰን መቀላቀል የጀመሩት የዛሬ ዘመን የኮምፒዩተር ሰዎች አይደሉም። የመምህሬ መምህር፥ እኔ በስማቸው የምምለው ሊቅ፥ በራሳቸው እጅ ቀላቅለው ጽፈዋል። ከእርሳቸውም በፊት በየዘመኑ የነበሩ ቍም ጸሓፊዎች እንዲሁ ሲቀላቅሉ ኖረዋል። ድምፁ አንድ ከሆነ በኋላ እጅ ጆሮን ይከተላልና። እኔም ስለ ፊደል ጥንቃቄ ለመምህሮቼ እቀናለሁ እያልሁ እነርሱ ያልጻፉትን በስማቸው እጽፍ ነበር። ልጁ ግን «መቅናትዎ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሁለት መስመር እናድርገው። በላይኛው ብራናው ያለውን ሳንነካ እንጽፋለን፤ በታችኛው የኔታ ይገባል የሚሉትን እንጽፋለን። ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በስተጀርባ ሞክሼዎቹን አንድ አድርገን ማውጫ እናበጃለን፤ ሠም ብሎ ሰም ብሎ ቢፈልግ ያገኛል፤ መጽሐፉ ግን አይለወጥም» አለኝ። እነሆ ጠባችን በዚህ ተፈታ። ማጠቃለል ለሚፈልግ ይጠቅማል፤ መለየት ለሚያነብ ይጠቅማል፤ ጥፋቱ አንዱን በሌላው ስፍራ ማኖር ነው።

በዚያ ማታ፥ እኅቴ ባለችበት፥ ከሃያ ዓመት በፊት በተማሪዎቼ ፊት የተናገርሁትን ቃል አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ልጁ ደንግጦ «የኔታ፥ እርስዎ አባቴ ነዎት፤ ይህ አይገባም» ብሎ ሊያስተወኝ ፈለገ። እኔ ግን «በጉባኤ የተናገርሁት በጉባኤ ይታረማል» ብዬ በሚቀጥለው እሑድ ተማሪዎቼን ሰብስቤ፥ እርሱን በአጠገቤ አስቀምጬ፥ ያን ቃል በአፌ ሻርሁት። ወርቁ ሰሙን ካልተጠጋ በምን ይታያል? እኔ ይህን ሳስተምር ኖሬ በገዛ ልጄ ላይ ረስቼው ነበር።

አሁን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀርቷል። ልጁ ካስተማራቸው መካከል ጐበዞቹ ወደ ውጭ እየሄዱ ይቀራሉ። በአዲስ አበባ ከተወለዱት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ በአሜሪካ አገር በዚህ ትምህርት ስማቸው የገነነ ነው፤ ረድኤት አበበ በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርስቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክተርነት ማዕርግ በማግኘት ከጥቍር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። በዚህ እንኰራለን። በአገር ውስጥ ለሚያስተምረው ግን ደመወዙ ትንሽ፥ ተማሪው ብዙ፥ መሣሪያው ጥቂት ነው። በጦርነቱ ጊዜ የወልድያ ዩኒቨርስቲ ዕቃ እንዴት እንደ ተዘረፈና እንደ ተሰባበረ ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ለእኅቴ ልጅም ከውጭ አገር እንዲመጣ የሚጠራው ደብዳቤ ደርሶታል። እናቱ «ሂድ» አላለችውም፥ «ቅር» አላለችውም። እኔን በጠየቀኝ ጊዜ ከቀድሞው ልማዴ ወጥቼ እንዲህ አልሁት፦ «ብትሄድም ብትቀርም መብራት ይዤ እሸኝሃለሁ እንጂ ዐጸድ ሥር አልደበቅም።» እርሱም ገና አልወሰነም።

ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሊቃውንትና መምህራን አንድ ነገር እለምናለሁ። በእጃችሁ ያለውን መጽሐፍ በጊዜው፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ፥ ታማኝ ለሆነ ሰው ክፈቱለት፤ መብራቱንም ያዙለት። ከተማሪዎቻችሁም ወደ ሌላ ትምህርት የሚሄድ ቢኖር ቃል አታሸክሙት። የኮምፒዩተር ምሁራን ሆይ፥ እናንተም ፊደላችንን በምትነኩበት ጊዜ ወደ ጉባኤው ብቅ ብላችሁ ጠይቁን፤ ሠላሳ ስምንቱን ብንሳሳት እንኳ ስድሳ ሁለቱን እናውቃለንና።

መጽሐፉ ዛሬ ሰማንያ ሰባት ቅጠሉ ተነብቦ፥ በሁለት መስመር ተጽፎ አልቋል። በጨለማ የተነሡት ዘጠኙ ቅጠሎች ቀርተዋል። ልጁ ብርሃኑን በብልሃት ከፍ እያደረገ ከእያንዳንዱ ቅጠል ጥቂት ጥቂት ፊደል ያወጣል፤ እኔም ከቅኔው ቤትና ከግሱ ርባታ እየተነሣሁ የጐደለውን እገምታለሁ፤ ግምቴንም በቀይ እንጂ በጥቍር አልጽፍም። ባለፈው ሳምንት ከዘጠና አንደኛው ቅጠል አንድ መስመር ተነበበ። መጀመሪያው ፊደል ሠ ይሁን ሰ ግን ገና አልለየንም።